ሁለት ጊዜ የተደመረች ሰዓት

ቤቱ በልሳነ ምድሩ ጫፍ ላይ የቆመ ባለ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ነው፤ ከእርሱ ወዲያ ውኃ እንጂ ሰው የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየነሐሴው ለአንድ ሳምንት ተከራይተነዋል። አስተናጋጅ የለው፣ ምግብ አብሳይ የለው፤ ዱቄቱን፣ ቅቤውን፣ ሻዩንና የአልጋ ልብሱን ከጎልዌይ ከተማ ጭነን እንመጣለን፤ ምድጃውንም ራሳችን እንለኩሳለን። ጠዋት ከቁርስ በፊት እንዋኛለን፤ ቀን በገደሉ አፋፍ እንጓዛለን ወይም በታንኳ እንቀዝፋለን። ባለቤቴ ኮርማክ «ዕረፍት ማለት ሌላ ዓይነት ድካም መድከም ነው» ይል ነበር። ይል የነበረው ብዙ ነው።

ዘንድሮ የመጣነው ግን ለፈተና ነበር፤ ተፈታኙ ግን አያውቅም። የኮርማክ አእምሮ መላላት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ልጃችን ኦርላ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ክፍል አግኝታለታለች፤ እስከ ቅዳሜ መልስ ካልሰጠን ክፍሉ ለሌላ ሰው ይሰጣል። እኔ ይህችን ሳምንት ለመንኳት።

«እዚያ ቤት ውስጥ እንደ ወትሮው ከሆነ ከእኔ አይለይም» አልኳት።

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነማ ራሴ እፈርማለሁ።»

ከቤቱ ፊት ለፊት አንዲት ደሴት አለች። ባሕሩ ሲጎድል አሸዋው ይገለጥና በእግር ይኬድባታል፤ ሲሞላ ከምድር ትቆረጣለች። መሻገሪያው ባሕሩ ፈጽሞ ከሚጎድልበት ሰዓት በፊትና በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ክፍት ነው። ያን ሰዓት የምትነግር አንዲት ቀጭን መጽሐፍ በየዓመቱ ትታተማለች። መጽሐፏ ግን ዓመቱን ሙሉ የምትቆጥረው በብርዱ ወራት ሰዓት ነው፤ እኛ ደግሞ ጸደይ ሲገባ ሰዓታችንን አንድ ሰዓት ወደ ፊት እንገፋለን። ስለዚህ ነሐሴን ጨምሮ በሙቀቱ ወራት በመጽሐፏ ቁጥር ላይ አንድ ሰዓት መደመር ግድ ነው።

መደመሩ የኮርማክ ድርሻ ነበር፤ የሒሳብ መምህር ነበርና። በገባን ማግሥት የሳምንቱን ሰዓቶች በሁለት ዐምድ ጽፎ፣ በግራ የመጽሐፏን በቀኝ የተደመረውን አድርጎ፣ ከምድጃው በላይ ይለጥፋል።

እሑድ ጠዋት የለጠፈውን ሳየው ያለው አንድ ዐምድ ብቻ ነው። የእጅ ጽሕፈቱ ነፋስ እንደመታው ሣር ወደ አንድ ወገን አጋድሏል። ረቡዕ፦ ስድስት ሰዓት ከአሥር። መደመሩን ረስቷል፣ አልኩ በልቤ። መጽሐፏን ፈልጌ አጣኋት። እሱን ለመጠየቅ ደግሞ አልደፈርኩም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የተማርኩት ነገር ቢኖር አለመጠየቅን ነው። ማንኛውም ጥያቄ የጎደለውን የሚያሳየው መስተዋት ሆኖበታል። ስለዚህ በልቤ አንድ ሰዓት ደመርኩና ዝም አልኩ። እንዲህ ያለውን ዝምታ ፍቅር ነው ብዬ እጠራው ነበር።

ረቡዕ አምስት ሰዓት ላይ ወደ ደሴቲቱ ስንወርድ የቤቱ ባለቤት ፌስቲ መረቡን ሲጠግን አገኘነው።

«መምህር! ዘንድሮም አልሞትክም?»

«አንተን ሳልቀብር? ምን በወጣኝ!»

«በሉ ሰዓታችሁን ጠብቁ። እናንተ ጡረታ ብትወጡም ባሕሩ ገና ሥራ ላይ ነው።»

አሸዋው ከጠበቅኩት በላይ ደርቆ ነበር። አላየሁም ማለት አልችልም፤ አይቼ ግን አላሰብኩበትም።

በደሴቲቱ ላይ የቀድሞው ኮርማክ ተመለሰ። ከዓለቱ ላይ ሆኖ ሦስት ዓሣ አጠመደ፤ ይዘናት በሄድነው ትንሽ ምድጃ ጠበስናቸውና በእጃችን በላን። የወፎቹን ስም አንድ በአንድ ጠራልኝ። ቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ ገብቶ እንደ ጎረምሳ ጮኸ። «አርጅተሻል፤ ድሮ ቀድመሽኝ ነበር የምትገቢው!» ብሎ ሰደበኝ። በዚያች ሰዓት ለኦርላ የምነግራትን ዓረፍተ ነገር በልቤ አሰናዳሁ። ተስፋ ክፉ መካሪ ነው፤ የሚሰማውን ሰው ዓይን አስቀድሞ ያሳውራል።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ሲሆን ብድግ አለና በቁልምጫ ስሜ ጠራኝ።

«ኑዬ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ። እንሂድ።»

«ተቀመጥ እባክህ፤ ገና አንድ ሰዓት አለን።»

«ስምንት ከአርባ ላይ እኮ ይዘጋል።»

«ዘጠኝ ከአርባ ነው፣ የኔ ጌታ።»

የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። ስሌቱ በዓይኑ ውስጥ ሲጓዝ፣ ደርሶም ሲቆም በግልጽ ታየኝ። ቀጥሎ የደረሰበትን ቁጥር ከእኔ ፊት ጋር ሲያመዛዝን አየሁት፤ የእኔ ፊት አመዘነ።

«እንግዲያው ተሳስቼ ይሆናል» አለና ተቀመጠ። ይህን ቃል ለመናገር እንዴት ፈጠነ!

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ወደ መሻገሪያው ስንወርድ አሸዋ የሚባል ነገር አልነበረም። ከግራም ከቀኝም የመጣው ውኃ መካከል ላይ ተገናኝቶ ይሽከረከራል። ብዙ አይጠልቅም ብለን ገባንበት። ጉልበታችን፣ ጭናችን፣ ወገባችን ደረሰ። ቦርሳችንን ውኃው ወሰደው። ኮርማክ እጄን ይዞ «ወደ ምልክቱ፣ ወደ ምልክቱ» እያለ ይጎትተኝ ነበር፤ የመሻገሪያውን ምሰሶዎች ማለቱ ነው። ፌስቲ በሞተር ጀልባው ባይደርስልን ኖሮ ይህን የምጽፍ እኔ አልሆንም ነበር።

«ሠላሳ ዓመት ስትመላለሱ ኖራችሁ! ትናንት የመጣ ቱሪስት እንኳ እንዲህ አያደርግም! መምህር፣ መደመር ጠፋህ እንዴ?»

ኮርማክ ከንፈሩ ጠቁሮ የጀልባውን ወለል ያያል።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እሱ እንሂድ ብሎኝ ነበር። ያቆየሁት እኔ ነኝ።»

ፌስቲ ዞር ብሎ አየኝ። «አዎ፣ እሺ፣ አዎ» አለኝ፤ ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚለውን ዓይነት አዎ።

ማታ ልብሳችንን ሳሰጣ መጽሐፏን ከዝናብ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ አገኘኋት። ረቡዕ፦ አምስት ሰዓት ከአሥር። ደምሮ ኖሯል። የተወው የግራውን ዐምድ ብቻ ነበር፤ ምናልባት አላስፈላጊ ሆኖ ታይቶት።

ፌስቲ ደውሎላት ኦርላ ዓርብ ዕለት መጣች። ሁሉንም እንደሆነው ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና እጄን ያዘች።

«እማዬ፣ በጥር ጋዙ ተከፍቶ ሲያድርም እኔ ነኝ ብለሽኛል። መኪናውን የት እንዳቆመ ሲጠፋውም እኔ ነኝ ብለሽኛል። ስንቱን ነሽ አንቺ?»

እነዚያ ሁለቱ ውሸት ነበሩ። ይህ እውነት ነው፤ ሆኖም እውነትን የሚመስል ድምፅ አልቀረልኝም ነበር። ወረቀቱንና መጽሐፏን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። እንደ አባቷ ፈጣን ናት፤ ወዲያው ደመረች።

«ልክ ነው!» አለች። ልቤ ዘለለ። «ልክ ነው የጻፈው። ታዲያ ልክ ጽፎ፣ ሰዓት እጁ ላይ እያለ፣ ውኃው እስኪመጣ ተቀመጠ ማለት አይደለም? እማዬ፣ ይሄማ ይብሳል እንጂ!»

ኮርማክ በመስኮቱ አጠገብ ሆኖ ይሰማ ነበር።

«አባዬ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

«እንሂድ ያልኩ መስሎኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ብለሃል! ብለሃል እኮ፣ ኮርማክ!» ጮህኩ።

ትክ ብሎ አየኝ። የጓደኛውን ጥፋት በራሱ ላይ የሚወስድ ተማሪ ሲያጋጥመው የሚያየውን አስተያየት ነበር ያየኝ፤ በትዝብት ሳይሆን በርኅራኄ።

«እናትሽ ደግ ናት» አላት ኦርላን። «በኔ የተነሣ ልትሰምጥ ነበር። ክፍሉን ያዢልኝ።»

ኦርላ ስልክ ወደሚይዝበት ኮረብታ ወጣች። እኔ ልፈርም የዛትኩት ሴትዮ፣ እስክሪብቶ እንኳ አላስፈለገኝም። ኮርማክ ለምሳ ድንች ይልጥ ጀመር። ስድስት ልጦ ሰባተኛውን አነሣና ቆመ።

«ለሦስት ሰው ስንት ይበቃል?»

«አንተ ስንት ትላለህ?»

«እኔንማ ተይኝ» አለና፣ ቢላዋውን አስቀምጦ፣ እስክነግረው ጠበቀ።