መሰላሉን ማን ይይዛል

…ደግሞም የሚነቃነቀው ሦስተኛው መርገጫ ብቻ ነው፣ ሌላው ደኅና ነው፣ ሦስተኛውን መዝለልና አራተኛውን መርገጥ ነው፣ ምን ይከብዳል፣ እያለ አላምረው ግራ እግሩን በመሰላሉ የመጀመሪያ መርገጫ ላይ አሳርፎ ሽቅብ ያያል፣ ከቆርቆሮው ሥር ሁለት ክንድ ያህል ምርጊቱ ረግፎ የግድግዳው ድንጋይ ገጥጧል፣ አምና ክረምት በዚያች ቀዳዳ ገብቶ የሚስቱን መኝታ ያራሰ ውሃ ዘንድሮም መንገዱ አይጠፋውም፣ ግንቦት ሳያልቅ መመረግ አለበት፣ ግንቦት ግን እያለቀ ነው፣ ዝናቡም ሳይጠሩት ቅዳሜ መጣ፣ ትናንትም ሰንበት ነው ብሎ አላረፈም። ዛሬ ሰኞ። ጭቃው ከጭዱ ጋር ተቦክቷል፣ ባልዲው ሞልቷል። የቀረው መውጣት ነው።

መውጣት ደግሞ ምኑ ነው፣ አርባ ዓመት ማኅሌት የቆመ እግር ነው ይሄ፣ በመቋሚያ ተደግፎ ሲያሸበሽብ የሚውል እግር፣ መሪጌታ የሚባለው በከንቱ ነው እንዴ፣ ትናንት እንኳ ወጣቱ ሁሉ ሲያዛጋ እሱ ነቅቶ ነበር፣ ከበሮው ዝም ያለ ጊዜ መጀመሪያ የሰማው ማን ሆነና፣ ከበሮ መቺው ክንዱ ቢመታው ቢመታው ትራስ እንደሚመታ ሰው ነው፣ ድምፅ የለ፣ ለካስ የዕቃ ቤቱ ጣሪያ አፍስሶ ቆዳው ርሷል፣ አንተ ክንዱ፣ ጠፍር ውሃ ከጠጣ እንደሚላላ ለማወቅ ስንት ዓመት ያስፈልግሃል፣ ፀሐይ ላይ አውጣው፣ አለው በካህናቱና በምእመኑ ፊት፣ ክንዱ አንገቱን ደፋ፣ ትንሽ አብዝቶበት ይሆን፣ አብዝቶበታል፣ ደግ ልጅ ነው ክንዱ፣ ቢሆንም ይወቅ።

ለግድግዳው ጉዳይ ከሆነ ምክር ሞልቷል። ጎረቤቱ አያ ባዬ ቅዳሜ ጠዋት አራት የባሕር ዛፍ አጣናና ሦስት ጣውላ ተሸክሞ መጥቶ አጥሩን አስደግፎት ሄደ፣ በጣልያን ጊዜ አዘዞ ላይ ግንበኝነት የተማረ ሰው ነው፣ ገና የሰው ቤት ሲያይ ውፍረቱን በዓይኑ ይለካል፣ መሪጌታ፣ ለዚህ ቁመት መሰላል አይሆንም አለ፣ አንድ እጅ ጭቃ ይይዛል፣ አንድ እጅ ይመርጋል፣ አንድ እጅ ደግሞ መሰላሉን ይጨብጣል፣ ሦስት እጅ አለዎት እንዴ፣ እኔ አጣናውን ልትከልልዎ፣ ወገቡ ላይ አጋድሜ በሽቦ ልሰረው፣ ጣውላውን ላንጥፍበት፣ መወጣጫውንም ሰፋና ዘንበል አድርጌ እሠራዋለሁ፣ ሸጋ ሜዳ ላይ እንደቆሙ ይመርጋሉ፣ ሁለት ቀን ብቻ ይስጡኝ። ሁለት ቀን! አያ ባዬ፣ የደብተራ ጎጆ ነው የሚመረገው፣ የነገሥታቱን ግንብ አስመሰሉት እኮ። እሺ ይሁን፣ እርስዎ ቅኔዎን ይዝረፉ፣ ሲወድቁ ጥሩኝ፣ ብሎ ሄደ፣ እንጨቱን ግን ትቶት ሄደ፣ ተንኮለኛ ሽማግሌ።

በርሜልም ታስቦ ነበር፣ እሱን አለማንሳት ይሻላል፣ ሁለት የቤንዚን በርሜል አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ ይኸው ጨረስኩ ሲል ሚስቱ ወለተ ሚካኤል መጥታ በአንዲት ጣቷ ነካ አደረገችው፣ የላይኛው ወርዶ ዶሮዎቹን እየበተነ እስከ አጥሩ ተንከባለለ፣ እሷ ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ ገባች። ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረው ይህችን አያያዝ አይለምዳትም፣ ቢጮሁበት ይሻለዋል።

እና መሰላሉ። ጣልያን የወጣ ዓመት በገዛ እጁ የሠራው፣ መርገጫውን ሁሉ በበሬ ጠፍር እያጠበቀ ያሰረው፣ ምስማር የማያውቅ መሰላል፣ ቅዳሜ ከጎተራው ሥር አውጥቶ ግድግዳው ላይ ያቆመው፣ ከዚያ ወዲህ እዚያው የቆመ።

ይቆዩ፣ ልያዝልዎ።

መጣች እንግዲህ። ወለቴ፣ አንቺ ግቢ፣ ብቻዬን እወጣዋለሁ። የት ነው የምገባው፣ እኔ ከታች እያለሁ ወድቀው ያውቃሉ፣ ብላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስርና ሁለቱን ቋሚዎች ትጨብጣለች፣ እውነቷን ነው፣ ወድቆ አያውቅም፣ ያን ዓመት ቤቱን እንደገና ሲያቆሙ ሰብለ ወንጌልን በሆዷ ይዛ እንዲሁ ከሥር ቆማ ነበር፣ ሰብለ ወንጌል ዛሬ ኮሶዬ ባል ቤት ናት፣ ያን ጊዜ ከእጁ አምልጦ አንድ እፍኝ ጭቃ አናቷ ላይ ዱብ አለ፣ ትቆጣለች ብሎ ሲጠብቅ ሳቀች፣ ጭቃው ግንባሯ ላይ እየወረደ ሳቀች፣ ቋሚውን ግን አልለቀቀችም፣ እሱ ከላይ ሆኖ ይህችን ሴት እንዴት አድርጌ ነው የምወዳት አለ በልቡ፣ ለሷ አልነገራትም፣ የጨዋ ልጅ ሚስቱን እንዲህ ይላል እንዴ፣ እስከ ዛሬም አልነገራትም።

አንድ። ሁለት። ሦስተኛውን ዘሎ አራት፣ ባልዲው በክርኑ ተንጠልጥሎ ጉልበቱን ይመታዋል፣ አምስት፣ ከድቶ የማያውቅ መሰላል ነው፣ ደህና ነው፣ ሲወጡበት ሲጥ ሲጥ ይል ነበር፣ ያ ድምፁ ያስቀው ነበር፣ ዛሬ ግን…

ዛሬ ዝም ብሏል።

ስድስተኛው መርገጫ ከእግሩ ሥር ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል፣ አይሰበርም፣ አይጮህም፣ እንደ ትራስ እሺ ይላል፣ አላምረው ግድግዳውን በመዳፉ ይዞ ይቆማል፣ ትራስ፣ ትራስ ያለው ማነው፣ ከበሮው፣ ክንዱ፣ ሁለት ቀን ዝናብ፣ ጠፍር ውሃ ከጠጣ እንደሚላላ ለማወቅ ስንት ዓመት ያስፈልግሃል፣ ስንት ዓመት መሪጌታ፣ አርባ ይበቃል፣ የሰው ልጅ ሲያዋርድ ውሎ የራሱን ጠፍር ዝናብ ላይ አሳድሮ፣ ወይ ጉድ፣ ወይ አንተ ሞኝ።

ቁልቁል ያያል። የሚያየው የአናቷን መሐል ነው፣ ሽበት የጀመረው የፀጉሯ ስንጥቅ፣ ከዚያ ፊቷ፣ ሽቅብ የተመለሰ፣ ከዚያ ሁለት እጆቿ፣ ይህ ሁሉ መሰላል በነዚያ በሁለት እጆች የሚቆም ይመስል አጥብቃ ይዛዋለች። ውዱ። የአዘዞው ውዱ አምና ከጣሪያው ሲወድቅ እሱ ምንም አልሆነም፣ ከታች መሰላል የያዘለት ወንድሙ ነው እጁ ታጥፎ የቀረው፣ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ውዱ ለስላሳ ቦታ መርጦ ወደቀ ብሎ ሲስቅ እሱም ስቋል፣ እስከ ዛሬ እወድቅ ይሆን ሲል ስለ ራሱ ወገብ ነው ያሰበው፣ የምወድቀው እሷ ላይ ነው ብሎ አንድ ቀን አላሰበም፣ ከነባልዲው፣ ከነጭቃው፣ ከነጉራው።

ምነው ቆሙ።

ወለቴ ዞር በይ።

አልዞርም፣ ከለቀቅሁት ይንሸራተታል።

እንግዲያው ያዢው፣ እመጣለሁ፣ አትናገሪ፣ እያለ ባልዲውን ወደ ማዶ ጥሎ ይወርዳል፣ ጭቃው መሬት ላይ ይዘረገፋል፣ አምስት፣ እግሩን በመርገጫው መሐል አያሳርፍም፣ ከቋሚው ጥግ ጥጉን ይፈልጋል፣ አራት፣ ሦስተኛውን ይረሳና ሊረግጠው ሲል ከታች፣ መሪጌታ ሦስተኛውን፣ ትላለች፣ እሷም ታውቃለች፣ ሁሉን ታውቃለች፣ ሁለት፣ መሬት። ይህ ሁሉ ከፍታ ከታች ሲያዩት ምንም አይደለም።

ጠፍሩ ላልቷል ይላል። ዝናብ መታው። ሌላም ሊል ይፈልጋል፣ ክንዱን ይቅርታ መጠየቅ እንዳለበት፣ አያ ባዬ እውነት እንደነበረ፣ ያን ዓመት በልቡ ያለውን። አንዱም አይወጣም። እሷ ታየዋለች፣ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ ልታለቅስ ነው ሲል፣ ይህን ለክንዱ ማን ይነግረዋል፣ ትላለች፣ ሳቋን መቻል አቅቷት ነው።

ይበለኝ፣ ራሴ እነግረዋለሁ፣ ይልና ወደ አጥሩ ዞሮ ይጣራል፣ አያ ባዬ፣ ኧረ አያ ባዬ!

ወደቁ እንዴ? ይላል የሽማግሌው ድምፅ ከወዲያ፣ ወዲያው፣ ከአጥሩ ሥር ሲጠብቅ እንደነበረ ያስታውቃል።

ሁለቱን ቀን ሰጥቼዎታለሁ፣ ያ ጣውላዎ ስንት ሰው ይችላል?

ሁለት ሰው ከነባልዲው፣ ምነው፣ ማን ሊጨመር ነው?

አላምረው ወለተ ሚካኤልን ያያል፣ አሥራ አምስት ዓመት ከዚህ ግድግዳ ሥር የቆመች ሴት የራሷን ቤት ከላይ አይታው አታውቅም፣ በመሰላል አንድ ሰው ነው የሚወጣው፣ ሁልጊዜ እሱ ነው የወጣው፣ ሁልጊዜ እሷ ናት ያየችው፣ የእግሩን ተረከዝ። አንቺ ነሽ የምትጨመሪው ይላታል፣ መወጣጫው ሰፊ ነው ተብሏል፣ ከታች ሆነሽ ጭቃ ከሚወርድብሽ ከላይ ሆነሽ ታቀብይኛለሽ።

እኔ ላይ ወጥቼ? ትላለች፣ በዚህ ጊዜ እጇን ከቋሚዎቹ ታነሳለች፣ መሰላሉ ትንሽ ያስብና በጎኑ ተንሸራቶ ይወድቃል፣ ሦስተኛው መርገጫ ተነጥሎ ከዶሮዎቹ መሐል ይገባል፣ ሁለቱም ቆመው ያዩታል፣ እሷ ባዶ መዳፏን ታያለች፣ ቀይ ሆኗል፣ የጠፍሩ መስመር ወጥቶበታል።

እኔም ከወጣሁ፣ ትላለች ቀስ ብላ፣ ከታች ማን ይይዛል?

ማንም አይይዝም ወለቴ፣ ይላል፣ መዳፏን በሁለት እጁ ውስጥ አድርጎ፣ አያ ባዬ በአጥሩ ቀዳዳ እያየ እንደሆነ እያወቀ፣ የሳቸው መወጣጫ የሚይዝ ሰው አይፈልግም።