ወደ እናቷ ቤት የሚወስደው መንገድ

አውቶቡሱ ነቀምቴ ሲደርስ ሞተሩ ተበላሸ። ሾፌሩም ከምሳ በፊት እንደማይነሡ ነግሮ ተሳፋሪውን አሰናበተ። ሌላው ሰው ሲያጉረመርም፣ ከጊምቢ ተነሥታ አዲስ አበባ ባሏ ዘንድ የምትሄደው ድርቤ ደስ አላት። እናቷ የሞተችው እዚህ ከተማ ነው። በሽታው ሲጠናባት ድርቤን፣ ልጅ ናት አትይ ብለው፣ ጊምቢ አክስቷ ዘንድ ሰደዷት፤ እናቷን ሳትሰናበታት ቀረች። አሁን እናቷ የተኛችበትን ክፍል አንዴ ብታየው ይበቃት ነበር።

ከልጅነቷ ጀምሮ «ኤሱማ» ብላ የምትጠራቸውን የእናቷን ወንድም ኦቦ ታፋን ገበያ ዳር አገኘቻቸው። አገላብጠው ሳሟት። ቤቱን እንዲያሳዩዋት ስትለምናቸው፣ መጀመሪያ ተወልደሽ ያላወቅሽውን ከተማ እዪ አሉና ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ።

በድሮው ባላባት ግቢ አጥር ዳር ቆመው፣ የትኛው ዛፍ ሥር ምን ክርክር እንደታየ አወሩላት። ከሚሲዮኑ ትምህርት ቤት በር ላይ ደግሞ የሞቱትን መምህራን በየስማቸው አነሡ። መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ «አካም ጅርታ» ብለው፣ ከብቱንም ልጁንም ዝናቡንም ሳይጠይቁ አያልፉም። ኮርቻ ሰፊው ተቀመጡ ቢላቸው ተቀመጡ። ድርቤ ቆማ ጠበቀች። ረፈደብን ብትላቸው፣ ፀሐይቱን ቀና ብለው አይተው ገና ነው አሏት።

ቅድም ያለፉት ወፍጮ ቤት እንደገና ፊት ለፊቷ ሲመጣ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ኤሱማ፣ እየዞርን ነው። ያሳዩኛል ወይስ ሰው ልጠይቅ?»

ኦቦ ታፋ ቆሙ። ቤቱን ሽብሩ የሚባል ጎረቤት በክርክር ረትቷቸው እንደወሰደው ቀስ ብለው ነገሯት።

«በዚያ ሰው ደጅ ላልቆም ምያለሁ» አሉ።

«ታዲያ ጠዋት ለምን አልነገሩኝም?»

ኦቦ ታፋ ከታች የሚታየውን የባሕር ዛፍ አጥር በከዘራቸው አሳዩዋት።

ድርቤ ነጠላዋን ሰብስባ ቁልቁል ሮጠች። ሽብሩ አልነበረም። ሚስቱ ጸሐይወርቅ ግን የማን ልጅ እንደሆነችና ምን ልታይ እንደመጣች ስትሰማ እጇን ይዛ አስገባቻትና የክፍሉን በር ከፈተችላት። ቤቱ እስከ ጣራው ድረስ የቡና ጆንያ ተደርድሮበታል። እግር ማሳረፊያ እንኳ የለውም። ጸሐይወርቅ አፈረች፤ ተሸካሚዎቹ ከሰዓት ስለሚመጡ ብትጠብቅ አስነሥታ እንደምታሳያት ነገረቻት። ይህን እያለች ሳለ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ከላይ ተሰማ።

ድርቤ ከደፉ ላይ ሆና አንገቷን ብታስረዝም ከጆንያ በቀር የምታየው አጣች። አመስግና ወጣች። ዳገቱን ስትወጣ ንዴቷ በማን ላይ እንደሆነ እንኳ መለየት አቃታት።

ኦቦ ታፋ እያለከለኩ አውቶቡሱ ድረስ ተከትለዋት መጡ። ምን እንዳየች ጠየቋት።

«ጆንያ» አለችና ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች።

ሞተሩ ተነሣ። ሽማግሌው የመስኮቱን ጠርዝ ያዙ።

«አልጋዋ ከግድግዳው ጥግ ነበር። ያን ዕለት ስምሽን ጠርታ፣ ለድርቤ ንገሩልኝ ብላ...»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ድርቤ ተነሥታ ሾፌሩን ትንሽ እንዲቆም ለመነችው፤ እሱ ግን ግማሽ ቀን ባክኖብኛል ብሎ እንቢ አለ። ኦቦ ታፋ ጥቂት ከጎን ከጎን ተራመዱ። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፃቸውን ሞተሩ ዋጠው።