የሰርካለም ሁለተኛ ዲግሪ

ሰርካለም ንፋስ መውጫ ባለ አንድ ሆስፒታል ብቸኛዋ ፊዚዮቴራፒስት ነበረች። ስትሮክ የመታውን፣ አጥንቱ ተሰብሮ የገጠመውን ሰው እጅና እግር ታፍታታለች። ሕመምተኞቿ «ወጌሻዋ» ይሏታል። መጀመሪያ ይከፋት ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት ተወችው።

በዚያ ዓመት መሪጌታ ፊልጶስ የሚባሉ የድጓ መምህር ከወገዳ መጡ። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ጥሎት ነበር። አራት ወር ደከመችባቸው። እግራቸው ተራመደ፤ ክንዳቸው እስከ ትከሻ ተነሣ። ለክታ ካርዳቸው ላይ «ጥሩ መሻሻል» ብላ ጻፈች። መሪጌታ ግን ክንዳቸውን አንሥተው እንደ ሌላ ሰው ክንድ ተመለከቱት።

«ይነሣል ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ» አሏት። «ግን ምን ሊሠራ እንደተነሣ አያውቅም።»

ጸናጽል አይዝም፤ ብዕር አይዝም፤ እንጀራ አይቆርስም። ሰርካለም የተማረችው እስከ ማንሣቱ ነው።

ስልኳ ላይ ስትፈልግ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያስተምር ሙያ እንዳለ አወቀች። ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይሉታል፤ ሰው ከሕመም በኋላ መብላቱን፣ መልበሱን፣ የለመደውን ሥራ መልሶ እንዲችል የሚረዳ ሕክምና ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ሦስት መንገድ አገኘች። የውጭ አገሩ ነጻ የትምህርት ዕድል አለው፤ ግን በዚያው ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃል። ሁለተኛው በኢንተርኔት ነው፤ ንፋስ መውጫ ደግሞ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ይሄዳል። ሦስተኛው ጎንደር ነው፤ የመሥሪያ ቤት ፈቃድ ይፈልጋል።

የመሪጌታን ጣቶች እያፍታታች ነገሩን አጫወተቻቸው። እሳቸው ድጓውን ቤተልሔም ደብር፣ አቋቋሙን ጎንደር፣ ቅኔውን ጎጃም ድረስ በእግራቸው ሄደው የተማሩ ናቸውና ጉዳዩ አልከበዳቸውም። ስለ ክፍያውም ስለ መንገዱም አልጠየቁም።

«መምህሩ ማን ነው?» አሉ።

ይህንን አላሰበችበትም ነበር።

«እኛ የሄድነው ወደ ሰው ነው» አሏት። «አገሩማ ሰውየው የተገኘበት ነው።»

በማግስቱ መምህሩ ማን እንደሆነ ጠይቃ፣ የመሪጌታን እጅና ጸናጽልም ጠቅሳ ለሦስቱም ጻፈች። የውጭ አገሩ ደብዳቤዋ እንደደረሰ የሚገልጽ መልእክት ላከ፤ ሌላ አልተናገረም። የኢንተርኔቱ የክፍያ ዝርዝር ላከ። ከጎንደር የትናየት የምትባል መምህርት ራሷ ደወለች። የሰርካለምን ውጤት ትታ ስለ መሪጌታ ጠየቀቻት፤ የጸናጽሉ እጀታ ውፍረቱ ስንት ነው? ሰርካለም አታውቅም ነበር።

«ለኪውና ደውይልኝ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ለካች፤ ደወለች። እንደተነገራት እጀታውን በባጃጅ ጎማ ከመነዳሪ ላስቲክ ጠቅልላ አወፈረችው። በሁለተኛው ሳምንት መሪጌታ ጸናጽሉን ያዙት። አንድ ጊዜ ነቀነቁት፤ ከዚያ ጭናቸው ላይ አሳርፈው በግራ እጃቸው ደባበሱት። ሰርካለም መስኮቱን የምትዘጋ መስላ ፊቷን አዞረች። ጎንደርን የመረጠችው ያኔ ነው።

የሰው ሀብት ኃላፊው አቶ ይታየው ማመልከቻዋን በመዝገበ ቃላት መረመረ። መዝገበ ቃላቱ ለ«ኦኩፔሽን» ሁለት ፍቺ ሰጠው፤ ሥራና ወረራ። ሥራ ከሆነ ሥራ አላት፤ ወረራ ከሆነ የጤና ጉዳይ አይደለም ሲል አስረዳት። ደግሞስ ያለችው አንዲቱ ባለሙያ ከሄደች ሕመምተኛው ወዴት ይሂድ? ይህኛው እውነት ስለነበረ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

መሪጌታ ይህን ሲሰሙ የድጋፍ ደብዳቤ አስጽፈው፣ ሰርካለምን አስከትለው ቢሮው ገቡ። አቶ ይታየው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ተቀበላቸው፤ ደብዳቤውን አነበበና እንዳይቸገሩ የአሻራ ቀለሙን አቀረበላቸው።

«አሻራማ ድሮም ነበረኝ» አሉ። «ብዕር ስጡኝ።»

ሰርካለም በከመነዳሪ የተጠቀለለ ብዕር ከኪሷ አወጣች። ስማቸውን ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። በሩ ላይ ባለጉዳይ ተሰለፈ። አቶ ይታየው ማንንም አላስገባም፤ እጃቸውን ብቻ ያይ ነበር። ሲጨርሱ ወረቀቱን አንሥቶ ስሙን ሁለቴ አነበበው።

«የምትማሪው ይህንን ነው?» አላት።

«ይህንን ነው።»

«ተተኪ እስኪመጣ ግን ትጠብቂያለሽ።»

ስምንት ወር ጠበቀች። ቃልኪዳን የምትባል ባለሙያ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ተዛውራ ስትመጣ ሕመምተኞቿን አንድ በአንድ አስረክባ ተሳፈረች።

ጎንደር በመጀመሪያው ቀን መምህርት የትናየት የተማሪዎቿን ቀኝ እጅ በጨርቅ አሰረችና ካፖርታቸውን በግራቸው እንዲቆልፉ አዘዘች። የሰርካለም ሰባት ቁልፍ ነበረው። ሃያ ደቂቃ ታገለች። ስትጨርስ ቁልፎቹ ተዛንፈው አንድ ተርፏት ነበር።