ሦስት ማሰሮ አፈር

እማዬ ስትሞት የተወችልን አንድ ዘንባባ ብቻ ነው። ቤቱ የኪራይ ነው፤ መኪና ኖሮን አያውቅም። ዘንባባው ግን እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ሳሎን መስኮቱ ሥር ቆሟል። እኔ አድጌ፣ ሙያ ተምሬ፣ ፀጉር ቤት ስከፍት እሱ ገና የአባዬን ትከሻ አልደረሰም ነበር። በዓመት አንድ ቅጠል ካወጣ ለእማዬ ሠርግ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ ያያል።

ሦስታችንም ፈለግነው። ጋሼ፣ መኪና መንዳት የሚያስተምረው ታላቅ ወንድማችን፣ "የመጀመሪያ ልጅ ነኝ" አለ። ፋርማሲ የምትሠራው እህቴ እታለም "ያስታመምኳት እኔ ነኝ" አለች። እኔ ምንም ምክንያት ስላልነበረኝ ከሁሉም በላይ ጮህኩ። ተኳረፍን፣ መነጋገርም ተውን። በመጨረሻ ጋሼ መጋዝ ይዞ መጣ።

"ሦስት ቦታ ቆርጠን እንተክለዋለን። ጽጌረዳ እንደዚያ አይደል የሚተከለው?"

አባዬ ከወንበሩ ተነሳ። ዕድሜውን ሙሉ ሊፍት ሲጠግን የኖረ፣ ምራቁን የዋጠ ሰው ነው።

"ዘንባባ ያለው አንድ ልብ ነው፤ እሱም አናቱ ላይ ነው" አለ። "ቆረጣችሁት ማለት ሬሳ ተካፈላችሁ ማለት ነው። በፍሬ ነው የሚራባው። አስቀምጥ መጋዙን!"

ፍሬ ደግሞ ነበረን። እማዬ ጤነኛ ሳለች፣ ዘንባባው ሴቴ መሆኑን ከአንዲት አበባ ሻጭ ሰምታ፣ ታክሲ ተኮናትራ እስከ ሴትዮዋ ሱቅ ድረስ ወስዳ እዚያ ካለው ወንዴ ጋር አገናኝታዋለች። እኔ እስከ ዛሬ ባል የለኝም፤ ለእኔ ታክሲ የተኮናተረልኝ የለም። ከዚያ ጉብኝት የተገኙት ጥቋቁር ፍሬዎች በብልቃጥ ተቀምጠው ነበር።

አባዬ ፈረደ። ለየልጁ አንድ አንድ ማሰሮ፣ አንድ አንድ ፍሬ። "ትልቁ እኔ ጋ ይቀራል። የእናንተ ሲበቅል የየራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ ወዲያ ባትተያዩም የራሳችሁ ጉዳይ ነው።"

አንዳችን ሌላችንን ስለማናምን፣ በየእሁዱ ሦስታችንም እየመጣን ማሰሮዎቹን ልንጠብቅ ተስማማን። ዘሩ ሙቀት ይወዳል ተብሎ ማሰሮዎቹ ፍሪጅ አናት ላይ ተቀመጡ። እኛ ወጥ ቤት ውስጥ ወንበር ደርድረን ፍሪጁ ላይ እናፈጣለን። አንድ እሁድ ጎረቤታችን ስኳር ልትበደር ገብታ እንደዚያ ሆነን ብታየን፣ ስኳሩን ሳትወስድ ወጣች።

መጀመሪያ ላይ ዝም ብለን ነበር የምንቀመጠው። ከዚያ እታለም ከፋርማሲ ቴርሞሜትር አምጥታ የአፈሩን ትኩሳት መለካት ጀመረች። "የጋሼ በርዶታል" ስትል፣ ጋሼ ሹራቡን አውልቆ ማሰሮውን ይጠቀልላል፤ ራሱ በካናቴራ ይንቀጠቀጣል። እኔም ላለመበለጥ የፀጉር ማድረቂያ አምጥቼ የእኔን ላሞቅ ስል አፈሩን እንዳለ ጋሼ ፊት ላይ በተንኩት። እታለም ወንበሩን ይዛ እስክትወድቅ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ከሳቁ በኋላ ወሬው መጣ። ጋሼ የመኪናውን ፍሬን ርገጡ ሲባሉ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ተማሪዎቹን ያወራል። እታለም ለሚስቱ የታዘዘውን ክኒን ራሱ ቅሞ ስለጨረሰው ሰውዬ ታወራለች። አባዬ ድንች እየላጠ ሺህ ጊዜ የሰማነውን ይደግምልናል።

"ሊፍት ሲሠራ ሰው ሁሉ በሩን እያየ ነው የሚወርደው። ሁለት ፎቅ መሃል ሲቆም ግን እስክደርስላቸው ተዋውቀው፣ ስልክ ተለዋውጠው ይጠብቁኛል። አንዳንዶቹማ ቶሎ መጣህብን ብለው ተቆጥተውኛል።"

ዘሩ ግን አልበቅል አለ። ዓመት አለፈ። አበባ ሻጯ "ቀርፋፋ ነው፤ ግን ይሄን ያህልማ..." ብላ ራሷን ነቀነቀች። እታለም "እማዬ ተቀይማን ነው" ብላ አለቀሰች። እኔ ግን እውነቱን ልናገርና፣ ባይበቅል ብዬ መመኘት ጀምሬ ነበር። የሳምንቱን ወሬ ለእሁድ እያጠራቀምኩ መኖር ለምጃለሁ። ከበቀለ ለማን ነው የምነግረው?

አንድ ረቡዕ ፀጉር ቤት መብራት ጠፋና ሳልናገር አባዬ ዘንድ ሄድኩ። ቁልፍ አለኝ። ስገባ አባዬ ፍሪጁ ፊት በርጩማ ላይ ቆሞ በሻይ ማንኪያ የእኔን ማሰሮ ይቆፍራል። ማንኪያው ላይ ቀጭን አረንጓዴ ቡቃያ፣ ከነሥሩ።

"አባዬ! ምን እየሠራህ ነው?"

"አልገደልኩትም!" አለ ከበርጩማው ሳይወርድ። "ነይ፣ ነይ እዪ።"

መኝታ ቤቱን ከፈተልኝ። መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ቁምሳጥኑ አናት ላይ፣ እማዬ ትተኛበት በነበረው የአልጋ ወገን በተዘረጋ ጣውላ ላይ፣ ያለው ሁሉ የእርጎ ኩባያ ነው። በየኩባያው ጣት የማያክል ዘንባባ ቆሟል። በበቀለ ቁጥር እያወጣ፣ ከብልቃጡ አዲስ ፍሬ እየቀበረ ኖሯል።

"ለምንድን ነው እንዲህ ያደረግከን?"

"ከበቀለማ ትሄዱ የለ?" አለ። "እኔ ልጠግናችሁ አልቻልኩም፤ ቆማችሁ ብትቆዩ ብዬ ነው።" አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ብልቃጡ ግን አለቀ፣ ሚጣ። የሚቀበር ፍሬ የለኝም። ምን ይሻለኛል?"

አቅፌው፣ "አፈሩ አለ አይደል እንዴ?" አልኩት።

እሁድ ጋሼ እንደ ልማዱ በርጩማው ላይ ወጣ። የራሱን ማሰሮ አየና ወደ ራሱ ሳብ አደረገው። ቀና ብዬ ባይ፣ ጠርዙ ላይ አባዬን ያመለጠው የመጨረሻው ቡቃያ እንደ መርፌ ቆሟል። አባዬ ድንቹን መላጥ ተወ። እኔ የሚሆን ውሸት መፈለግ ጀመርኩ።

ጋሼ ደግሞ ዘንባባ ሲበቅል ምን እንደሚመስል በስልኩ ፎቶ እያሳየ ሲያሰለቸን የከረመ ሰው ነው። ቡቃያውን አየ። የአባዬን ፊት አየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አረም ነው" አለ።

እታለም ተንጠራርታ አየችው።

"አዎ፣ አረም ነው" አለች። "ከነሥሩ አውጣው፣ ቀስ ብለህ። እንዳይጎዳ።"

ጋሼ በሻይ ማንኪያ አወጣውና ወርዶ ለአባዬ ሰጠው። "እስቲ ይሄን ጣልልን፣ አባዬ።"

አባዬ በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ መኝታ ቤቱ ሄደ። በሩን ሲከፍት ሦስታችንም ፊታችንን ወደ ፍሪጁ መለስን። እታለም ቴርሞሜትሯን አውጥታ ባዶው አፈር ውስጥ ሰካች፤ እኔና ጋሼ ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅናት።

"ደህና ነው" አለች። "ግን ገና ነው።"