የጭምቷ እህት

«ጀርባውን ለምን ዘጋችሁት?» አሉ የሙሽራው እናት፣ የተሰቀለውን ቬሎ እያገላበጡ። «መጀመሪያ ሳየው ክፍት አልነበር እንዴ?»

ቁልፍ ስትተክል የነበረችው ታናሽየዋ ልብስ ሰፊ እጇ ቆመ። መልሱማ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው! ትናንት ሙሽሪት ስትለካ፣ ጀርባዋ ላይ ያለውን የእሳት ጠባሳ ሁለቱም እህትማማቾች አይተውታል። «እጮኛዬ ያውቃል፤ ለሌላ ሰው የምናገረው ግን እኔ ነኝ» ብላቸዋለች።

ታላቅየዋ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና አለች። «ሙሽሪት እንደዚህ ይሻለኛል አለች፣ እትዬ።»

«ምክንያቱን ነው የጠየቅኩሽ።»

«እሱን እሷን ይጠይቋት።»

«ኤዲያ! ጭምት ናት ሲሉኝ እውነት መስሎኝ፤ ለካ ኩራተኛ ነሽ! የሚዜዎቹን ልብስ ለእናንተ ልሰጥ ነበር የመጣሁት።»

ታናሽየዋ ልቧ ድንግጥ አለ። የሚዜ ልብስ እኮ ነው! ወሩን ሙሉ ሱሪ ሲያሳጥሩ ነው የከረሙት። ታላቅየዋ ግን ወይ ፍንክች! «ሻይ ላምጣልዎት» ብላ ወጣች።

ሴትየዋ ወዲያው ወደ ታናሽየዋ ጠጋ አሉ። «አንቺ እንኳ ተጫዋች ነሽ። ሙሽሪት ምን ሆና ነው? ንገሪኝና ሥራው የእናንተ ነው።»

ታናሽየዋ እስከ ዛሬ ለደንበኛው ሁሉ «እህቴ ጭምት ናት፣ አትቀየሟት» ስትል ኖራለች፤ ልክ የበሽታ ስም እንደሚነግር ሰው። እህቷ የምትለው ያጣች ነበር የሚመስላት። አሁን ወሬው አፏን ሞልቶት ሲያስጨንቃት ነው የገባት። ለካ እህቷ ይሄን ሁሉ ዓመት፣ የስንቱን ገመና ይዛ፣ እንዲህ ቀጥ ብላ ስትቀመጥ ኖራለች! የእኔ እህት እኮ ናት፣ አለች በልቧ። ደረቷ ሰፋ።

«እትዬ፣ እርስዎም እኮ እዚሁ ነው የተለኩት» አለች። «ስለ እርስዎ ሰው ቢጠይቀኝ ምን ልበል?»

ሴትየዋ ሳያስቡት ሆዳቸውን ሳብ አደረጉ። ከዚያ ቦርሳቸውን አነሱ። «ይቺ ደግሞ ባሰች!» ብለው ውልቅ።

ታላቅየዋ ሻይ ይዛ ተመለሰች። «የት ሄዱ?»

«ሄዱ።»

«ሥራውስ?»

«እሱም አብሮ ሄደ።»

«ምን ብለሻቸው ነው?»

ታናሽየዋ አፏን ከፈተች። እንዲህ ያለ ወሬ ዕድሜ ልኳን ይዛ አታውቅም፤ የሴትየዋ ሆድ ነገር ብቻውን ሳምንት ያስቃል።

«ምንም» አለችና ሻዩን ተቀብላ ፉት አለች።