አስራ ሦስት ከአስራ አራት

«አስራ ሦስት» አለች የፍሳሽ ተቆጣጣሪዋ፣ በፍሳሹ ያራሰችውን ወረቀት ከቀለም ሰሌዳው ጋር እያስተያየች።

«ከስንት?»

«ከአስራ አራት።»

የጋሽ ፏ ፊት በራ። በተማሪነት ዘመናቸው ግማሽ ያገኙበት ቀን እንኳ ትዝ አይላቸውም። «አየሽ» አሉ ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ «አንዷንም ለትሕትና ነው የተውናት።»

ሚስትየዋ ግን የተቆጣጣሪዋን ፊት እያዩ ነበር። እንኳን ደስ ያላችሁ የሚል ፊት አይደለም።

«ጋሼ፣ የምለካው ውሃው ምን ያህል ሶዳ እንደበዛበት ነው፤ የሚፈለገው ሰባት አካባቢ ነው። ዘጠኝ ካለፈ ቱቦው ይታሸጋል። የላክንልዎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላይ ተጽፏል እኮ።»

ጋሽ ፏ ግራ ገባቸው። ጠርሙስ አጣቢ ናቸው፤ ከየመጠጥ ቤቱ የተሰበሰበውን በኮስቲክ ሶዳ ዘፍዝፈው፣ አለቅልቀው፣ ፏ አድርገው ይመልሳሉ። ቅጽል ስሙም የወጣላቸው ከዚያው ነው። ቱቦው ከታሸገ የእጥበቱ ውሃ መሄጃ የለውም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቤተሰብ ያኖረ ሥራ አለቀለት ማለት ነው።

«እስቲ እዪው» አሉ ወደ ፍሳሹ ጉድጓድ ጎንበስ ብለው። «እድፍ አለው? ይሸታል?»

«እሱ አይደለም ጋሼ። ማጣሪያ ጣቢያው ውስጥ ቆሻሻውን የሚበሉልን በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ። እንዲህ ሶዳ የበዛበት ውሃ ሲደርስባቸው ያልቃሉ። እነሱ ካለቁ ደግሞ ፍሳሹ እንደመጣ ወንዝ ይገባል።»

«ቆሻሻ በሊታዎቹን እናንተው እየቀለባችሁ፣ የሚያጸዳው እኔ ጥፋተኛ?»

ተቆጣጣሪዋ ጓንቷን አጥብቃ ረጅም ብረት ወደ ቱቦው አፍ ሰደደች። ቋ አለ። የተፈለጠውን ነጭ ቅርፊት የጉድጓዱ ክዳን ላይ አስቀመጠችው፤ ድንጋይ ነው።

«ይሄም የሶዳው ሥራ ነው፤ እየጋገረ ይሄዳል። ክንድ ያስገባ የነበረው ቱቦ የጠርሙስ አንገት አክሏል።» ማስታወሻዋን ገለጠች። «የገረመኝ ግን፣ ባለፈው ወር አስር ነበር። ትንሽ ቢያሻሽሉት ያልፋሉ ብዬ ነበር የመጣሁት። ዛሬ ምን ተገኘ?»

ጋሽ ፏ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

«ተናገር እንጂ» አሉ ሚስትየዋ።

«ጠዋት… እንግዳ ይመጣል ብዬ ቱቦውን አጠብ አጠብ አደረግሁት።»

«በምን?» አለች ተቆጣጣሪዋ።

«በሶዳ ነዋ። በወፍራሙ። ሁለት በርሜል።»

የማሸጊያውን ቅጽ ልትሞላ የያዘችው እስኪርቢቶ አየር ላይ ቀረ። አንዴ ጋሽ ፏን፣ አንዴ ጉድጓዱን አየች። ቅጹን ሳትፈርም አጠፈችው።

«የዛሬው ልክ የዚያ እጥበት ነው፤ ከነገ ወዲያ መጥቼ እለካዋለሁ። እስከዚያ ውሃውን በርሜል ውስጥ ያጠራቅሙት፤ ልኩ ሳይስተካከል ጠብታ እንዳይለቁ። ያኔም እንዲህ ካገኘሁት አሽጌው ነው የምሄደው።»

«እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ።» ጋሽ ፏ ትንሽ አሰቡ። «እና እስክትመጪ ቱቦውን በምን ላጽዳው?»

ተቆጣጣሪዋ መልሱን ፍለጋ ወደ ሚስትየዋ ዞረች።

«እጅህን ኪስህ ውስጥ ከተህ» አሉ ሚስትየዋ።