የኢንጂነሩ ሚስት

በቤተሰባችን ውስጥ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚደውለው ለባለቤቴ ነው። ስሙን ራሱ ረስተውታል፤ «ኢንጂነሩ» ነው የሚሉት። ባለቤቴ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው። መጽሐፍ ብታሳዩት ከየትኛው መደርደሪያ እንደወጣ ሳያመነታ ይነግራችኋል፤ መኪና ላይ ግን ዘይት የሚጨመርበትንና ውሃ የሚጨመርበትን ለመለየት አራት ዓመት ፈጅቶበታል። መኪና የማውቀው እኔ ነኝ።

ይህን የምለው ደረቴን ነፍቼ ነው፤ ምን አስዋሸኝ! የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። ባንኮኒያችን መንገድ ዳር ስለሆነ መኪና ሲያልፍ ስሰማ ነው የምውለው። ለሥራ ባልደረቦቼ ጫጫታ ነው፤ ለእኔ ግን እያንዳንዱ መኪና ሕመሙን እየተናገረ ነው የሚያልፈው። ማርሽ በኃይል የሚጎትት ሹፌር ስሰማ እኔን ጥርሴን ያመኛል። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ የራስ ምታት መድኃኒት ገዝቶ ወጣና በር ላይ ያቆማትን መኪናውን አስነሳ። ድምፁን እንደሰማሁ ሮጬ ወጣሁ። «ወንድሜ፣ ማርሚታህ ተቀዷል፤ ጭሱ ወደ ውስጥ እየገባብህ ነው። ክኒኑን ተወውና ጋራዥ ሂድ» አልኩት። በሳምንቱ ተመልሶ መጥቶ ራስ ምታቱ እንደተወው ነገረኝ። አለቃዬ ግን ደንበኛ እያባረርሽብኝ ነው ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ታዲያ ኢንጂነሩ እንዴት እሱ ሆነ? ጥፋቱ የእኔም ነው። የመጀመሪያዋን መኪናችንን ልንገዛ የሄድን ጊዜ ሻጩን ስለ ካምቢዮው ጠየቅኩት። ሰውየው መልሱን ለባለቤቴ ነገረው። ስለ ዘይቱ ጠየቅኩ፤ አሁንም ለባለቤቴ። ደሜ ፈላ። ሦስተኛውን ጥያቄ በባለቤቴ ጆሮ ሹክ አልኩትና እሱ ጠየቀ፤ ሻጩ ተርበተበተ፣ ዋጋውም እዚያው ወረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በምልክት መሥራት ጀመርን። የጆሮ ጌጤን ስነካ ባለቤቴ «እስቲ ኮፈኖውን ክፈትልኝ» ይላል። ሻርፔን ሳስተካክል ዋጋ መከራከር ይጀምራል። ካሳልኩ ደግሞ ነገሩ አበቃ ማለት ነው፤ አመስግኖ ይወጣል። በዚህ ዓይነት ለሁለት አጎቶቼ፣ ለእህቴና ለጎረቤታችን ለጥርስ ሐኪሙ መኪና መርጠናል። አንዷም መንገድ ላይ አልቆመችም።

መጀመሪያ መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። ምስጋናው ለእሱ ሲጎርፍ ወጥ ቤት ገብቼ አፌን ይዤ እስቅ ነበር። እየቆየ ግን ቅር ይለኝ ጀመር፤ በተለይ አመስጋኙ አባቴ ሲሆን። አባዬ አርባ ዓመት የረጅም መንገድ አውቶቡስ ነድቷል፤ አንድ ሰው አልጫረም። «የእኔ አማች እኮ መኪና ገና ከሩቅ አይቶ ሆዷ ውስጥ ያለውን ይነግርሃል!» ይላል ላገኘው ሰው ሁሉ። እኔ ስለ መኪና አፌን ከከፈትኩ «አንቺ ደግሞ መድኃኒትሽን ሽጪ» ይለኛል። ለጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይቆጠቁጠኛል።

አባዬ ጡረታ ከወጣ በኋላ የራሱን መኪና መግዛት ብቸኛው ሕልሙ ሆነ። ዕድሜውን ሙሉ የያዘው መሪ የድርጅቱ ነበር። ዓመታት ቆጥቦ አንዲት ቀይ መኪና አገኘሁ ብሎ ሲደውል ድምፁ እንደ ሙሽራ ነበር። ይህች ብትበላሽበት ሁለተኛ የሚገዛበት ገንዘብም ዕድሜም እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን። «አማቼን ይዘሽልኝ ነይ» አለኝ።

መኪናዋ የቆመችው ሰፊ የመሸጫ ግቢ ውስጥ ነው። ቀለሟ ያበራል፤ ቸርኬዋ ፊት ያሳያል። ደላላው ባለቤቴንና አባዬን አቅፎ ወደ ኮፈኖው ሲወስዳቸው እኔ የኋላውን በር ከፍቼ ገባሁ። የሽቶ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። መኪና እንዲህ ሲሸት አልወድም፤ ሽቶ በዚህ መጠን የሚረጨው ሌላ ሽታ ሲኖር ነው። እጄን ከፊተኛው መቀመጫ ሥር ሰደድኩ። ብሎኖቹ ዝገው ሻክረዋል። ቀጥዬ የመቀመጫውን ቀበቶ ያዝኩና ሳብኩት፤ እስከ መጨረሻው፣ አልሳብ እስኪለኝ ድረስ። መኪና አሳምሮ የሚሸጥ ሰው ምንጣፉን ይቀይራል፣ ጨርቁን ያሳጥባል፤ ቀበቶውን ከነጫፉ ስቦ የሚያጥብ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ጫፉ ላይ የደረቀ ጭቃ መስመር ሠርቶ ተቀምጧል። መኪናዋ እስከ ወገቧ ጎርፍ ውስጥ ገብታ ነበር። ዛሬ ትነሳለች፤ ጥቂት ወራት ቆይታ ግን ሽቦዎቿ አንድ በአንድ መበስበስ ይጀምራሉ።

ወጣሁና አሳልኩ።

ባለቤቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መኪናዋን ይዞራታል። ሰው ሁሉ ኢንጂነሩ ኢንጂነሩ ሲለው እሱም ማመን ጀምሯል መሰለኝ፤ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና ምልክቴን ልብ ሳይል «ንጹሕ መኪና ናት» አለ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። አሁንም አሳልኩ፤ ጠንከር አድርጌ።

«ፋርማሲ እየዋልሽ ሳልሽን አታክሚም እንዴ?» አለ አባዬ። «አቧራው ነው፤ ሂጂ እዚያ ጥላው ሥር ተቀመጪ።»

ደላላው ሮጦ ውሃ አመጣልኝ። በሦስተኛው ሳል ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ክው አለ።

«እንግዲህ… ጥሩ ናት፤ ግን እስቲ ሌላም እንይ» አለ እየተንተባተበ።

«አሁን ንጹሕ ናት አላልክም?» አለ አባዬ። ውሉ ኮፈኖው ላይ ተዘርግቷል፤ እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ ክዳኑን ነቅሏል።

«አባዬ፣ እንዳትፈርም!» አልኩ። «ይቺ መኪና ጎርፍ ውስጥ ገብታለች።»

ደላላው ሳቀና ወደ ባለቤቴ ዞረ። «ኢንጂነር፣ እመቤቲቱ ምን እያሉ ነው?»

አባዬ አፍሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ። ባልሽ አይቷታል እኮ።»

ያን ጊዜ ባለቤቴ ከመኪናዋ ራቅ ብሎ ቆመ። ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

«አባባ፣ እኔ ምንም አላየሁም» አለ። «አይቼም አላውቅም። እስከ ዛሬ የተናገርኩት ሁሉ የእሷ ነው። የአጎቶቿንም፣ የእህቷንም፣ የሐኪሙንም መኪና የመረጠችው እሷ ናት። ዛሬ በራሴ አፍ አንድ ነገር ብናገር፣ ይኸው ጉድ ላደርግዎት ነበር።»

በዘጠኝ ዓመት ትዳራችን እንደዚያን ሰዓት ወድጄው አላውቅም። የሚጠራበትን ማዕረግ በገዛ እጁ፣ ያውም ደላላ ፊት፣ አውልቆ መጣል ቀላል አይደለም።

አባዬ እሱንም እኔንም እያፈራረቀ አየን። ከዚያ «አሳዪኝ» አለኝ።

በሩን ከፈትኩለት። ጉልበቱን እያሻሸ ገብቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ ብሎኖቹን አስነካሁት፤ ከዚያ ቀበቶውን ራሱ እንዲስበው ነገርኩት። እስከ ጫፉ ሳበው። ጭቃውን በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቅ ሲያደርገው ተፈርፍሮ ሱሪው ላይ ወደቀ። አባዬ ፍርፋሪውን አየው። እስክሪብቶውን ከደነና ወደ ኪሱ መለሰው። ደላላው «እኔ አገናኝ እንጂ ባለቤቷ አይደለሁም» እያለ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀምሯል።

«አርባ ዓመት ሙሉ መሪ ይዤ ይሄን አላውቅም ነበር» አለ አባዬ። «አንቺ የት ተማርሽው?»

«የድርጅታችሁ ጋራዥ። አውቶቡሱ ሲታደስ ይዘኸኝ ትሄድ አልነበር? አንተ ከሹፌሮቹ ጋር ስትጫወት እኔ መካኒኮቹ ሥር ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። በጎርፍ የተበላሸ አውቶቡስ ሲፈቱም ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።»

አባዬ ቀበቶውን ለቀቀው፤ እየተንሸራተተ ወደ ቦታው ገባ።

«እኔ እኮ እናትሽ ሥራ ስትገባ የሚይዝሽ ሰው አጥቼ ነበር የምወስድሽ» አለ። «ስንት ዓመት ሲጸጽተኝ ኖሯል መሰለሽ። የሌላው ሰው ልጅ ሰፈር ውስጥ ከእኩዮቿ ጋር ትጫወታለች፣ እኔ ልጄን ግሪስ ላይ አሳደግኳት እያልኩ።»

«እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን የኮራሁበት እሱን ነው» አልኩት። እውነቴን ነበር። እጁን ይዤ ከመኪናዋ አወጣሁት።

ግቢውን አቋርጠን ስንወጣ አባዬ በመሀላችን ነበር። በሩ ጋ ስንደርስ ቆመና ሱሪው ላይ የቀረውን ጭቃ አራገፈ።

«ነገ ሌላ እናያለን» አለኝ። «ሰዓቱን አንቺ ንገሪኝ።»